ከግማሽ በላይ ወደቁ፤ ጥፋቱ የፈተናው ነው ወይስ የልጆቹ?

ጥያቄ፦

"ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጅማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። አራት ሴክሽን አለኝ፤ በየክፍሉ 60 ልጅ አለ። ለአንደኛ ሴሚስተር 30 ጥያቄ አውጥቼ ፈተንኩ፤ 24 ቾይስ፣ 6 እውነት ሐሰት። ሁለቱ ሴክሽን ጠዋት፣ ሁለቱ ከሰዓት ተፈተኑ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 15 አልሞሉም። ዳይሬክተራችን 'ከብዷል፣ ለሁሉም 5 ማርክ ጨምሪላቸው' አሉኝ። ማስተርሱን የሚሠራ ባልደረባዬ ደግሞ 'አልፋው (የአስተማማኝነት ቁጥሩ) 0.70 ካልሞላ ፈተናሽ ፈተና አይደለም' ብሎ አስደነገጠኝ። አንድ አባት መጥተው 'ልጄ ደብተሯ ላይ እየሠራችው እንዴት 14 ታመጣለች?' ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። ፈተናዬ ጥሩ ይሁን መጥፎ በምን ልወቅ? ጥያቄውን፣ የአንድ ተማሪ ወረቀት ፎቶ፣ የአንዱን ሴክሽን ውጤትና የማስተማሪያ እቅዴን ልኬያለሁ።"
መምህርቷ፣ ከጅማ

መልስ፦

ሰላም እህቴ። ሁሉንም መላክሽ ጥሩ አደረግሽ። አብዛኛው ሰው "ፈተናዬ ከበደ ወይ?" ብሎ በባዶው ይጠይቀኛል፤ ያኔ የምመልሰው ግምት ነው። ያንቺን ግን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንግባባ። "ፈተናው ጥሩ ነው?" ለሚለው ጥያቄ እንዲሁ በደፈናው መልስ የለውም። "በዚህ ማርክ ስለ ልጁ ምን ልል ነው?" ብለሽ ጠይቂ። 14 ያመጣችውን ልጅ "ኢኩዌሽን መፍታት አትችልም" ልትያት ነው? ወይስ "ክፍል ትድገም"? ወይስ "ይህን ይህን ከልሺ"? ያው ወረቀት ለአንዱ ይበቃል፣ ለሌላው አይበቃም። የምዘና ሰዎች ተገቢነት የሚሉት ይህንን ነው። የሚፈተሸው ወረቀቱ ብቻ ሳይሆን ከወረቀቱ ተነስተን የምንናገረው ነገር ጭምር ነው።

ጥያቄዎችሽን በምዕራፍ ከፋፈልኳቸው። ስብስብ 13፣ የቁጥር ሥርዓት 9፣ ኢኩዌሽን 6፣ ኢንኢኩዋሊቲ (የመብለጥና የማነስ ሒሳብ) 2። እቅድሽ ላይ ደግሞ ስብስብን 3 ሳምንት፣ ቁጥርን 4፣ ኢኩዌሽንን 5፣ ኢንኢኩዋሊቲን 3 ሳምንት አስተምረሻል። ከ15 ሳምንት 8ቱን የወሰዱት ሁለቱ ምዕራፎች 8 ጥያቄ ብቻ ደረሳቸው። እንደ ጊዜው ቢሆን 16 ይገባቸው ነበር። ስብስብ ደግሞ በ6 ፈንታ 13 ወሰደ።

ለምን እንደሆነ ይገባኛል። የስብስብ ጥያቄ ለማውጣት ይቀላል። ሁለት ቅንፍ፣ ጥቂት ቁጥሮች፣ "የጋራቸው የቱ ነው?"፣ በቃ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ፈተና የሚያወጣ ሰው እጁ ወደ ቀላሉ ይሄዳል። ግን "ሴሚስተሩን ይመዝናል" ብለሽ የሰጠሽው ፈተና በአብዛኛው የመዘነው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ነው። ኢንኢኩዋሊቲን በሁለት ጥያቄ ብቻ "ችለዋል" ወይም "አልቻሉም" ማለት ደግሞ ከቶ አይሆንም። ቡና ቀማሾች ከአንድ ናሙና አንድ ሲኒ ቀምሰው ደረጃ አይሰጡም፤ በርከት አድርገው ይደረድራሉ።

ለሚቀጥለው፣ ጥያቄ ከማውጣትሽ በፊት ሠንጠረዥ አስምሪ። ወደ ታች ምዕራፎቹ፣ ወደ ጎን የምትፈልጊው የሥራ ዓይነት፦ ማስታወስ፣ መሥራት፣ ባልለመዱት ቦታ መጠቀም። በየሳጥኑ ስንት ጥያቄ እንደሚገባ አስቀድመሽ ወስኚ። ኮሌጅ ተምረሽዋል፤ ፈተና ሲደርስ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

አሁን 9ኛውን ጥያቄ እንየው። "3(ኤክስ − 2) = 12 ከሆነ ኤክስ ስንት ነው?" ይላል። ምርጫዎቹ 6፣ 0፣ 100 እና −50 ናቸው። ምዕራፉ ያልገባት ግን ብልጥ የሆነች ልጅ ምን ታደርጋለች? 6ን ኤክስ ቦታ ትከታለች። 6 ሲቀነስ 2፣ 4። 4 ጊዜ 3፣ 12። አከበበች፣ አለፈች። ኢኩዌሽን አልፈታችም፤ ቁጥር ተክታ ሞከረች። አንቺ ግን "መፍታት ትችላለች" ብለሽ ነው የምትይዢላት።

ምርጫዎቹም ቢሆኑ ምንም አይነግሩሽም። 100ን ወይም −50ን ያከበበ ልጅ ወይ አላነበበውም ወይ ተስፋ ቆርጧል። ልጆች በእውነት የሚሳሳቱትን ብታስገቢበት ግን ወረቀቱ ያወራሻል። 3ን ለኤክስ ብቻ አባዝቶ 2ን የረሳ ልጅ 14/3 ያገኛል። ቅንፉን በደንብ ፈትቶ 6ን ወደ ማዶ ሲያሻግር ምልክት ያልቀየረ 2 ያገኛል። በ3 ማካፈል ሲገባው ያባዛ 38 ያገኛል። ምርጫው 6፣ 2፣ 14/3 እና 38 ቢሆን፣ ስንቱ 2ን እንዳከበበ ቆጥረሽ በማግስቱ ምን እንደምትከልሺ ታውቂያለሽ።

ተክቶ መሞከርን ግን ይሄም አያስቀርም። መፍታትን መመዘን ከፈለግሽ ቢያንስ ሦስት አራት ጥያቄ ያለ ምርጫ፣ እርምጃው እየታየ መሠራት አለበት። 240 ወረቀት ማረም ወገብ እንደሚሰብር አውቃለሁ። ሦስት አራት ያልኩሽ ለዚህ ነው። ስታርሚ ወረቀት በወረቀት ሳይሆን ጥያቄ በጥያቄ ሂጂ፤ የሁሉንም አንደኛ ጥያቄ ጨርሰሽ ወደ ሁለተኛው። ለማዋቀሩ ስንት፣ ለእርምጃው ስንት፣ ለመልሱ ስንት ማርክ እንደምትሰጪ አስቀድመሽ ጻፊ። ስማቸውን እጠፊው፤ ስምና የእጅ ጽሑፍ ሳናውቀው ያባብላሉ። ከዚያ አሥር ወረቀት ለባልደረባሽ ስጪና ያንቺን ማርክ ሳያይ ያርመው። ውጤታችሁ ከተራራቀ የማርክ አሰጣጡ ገና አልጠራም።

እስከዚህ ያልኩሽ ለዚያ አባት መልስ ሊሆን ይችላል። ልጃቸው ደብተሯ ላይ እርምጃ በእርምጃ ትሠራለች። አንቺ የፈተንሻት ግን 30 ጥያቄ ቶሎ ቶሎ አክብቦ በመጨረስ ነው። ወረቀቷን አውጪና የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች እዪ። ባዶ ከሆኑ ወይም በተርታ "ሐ" "ሐ" "ሐ" ከሆኑ፣ የመዘንሽው ፍጥነቷን ነው።

17ኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። አንሰር ኪሽ −5 ይላል። ከ60ዎቹ ልጆች በጠቅላላ ውጤታቸው የላይኞቹን 16 እና የታችኞቹን 16 ወሰድኩ። (ከላይና ከታች 27 በመቶ መውሰድ ትሩማን ኬሊ የተባለ አሜሪካዊ በ1939 እ.ኤ.አ. ካሳየ ወዲህ የተለመደ ነው።) 17ኛውን ከላይኞቹ 4 ልጆች አገኙት። ከታችኞቹ 7። ጎበዞቹ እየሳቱት ሌሎቹ የሚያገኙት ጥያቄ ራሱ በሽተኛ ነው።

የተማሪውን ወረቀት ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ማይነሷ የለችም! ኦሪጂናሉ ላይ −2ኤክስ = 10 ነው። ተማሪው እጅ ላይ ያለው 2ኤክስ = 10 ነው። ቀለም የጨረሰ ኮፒ ማሽን በልቷታል። ጎበዞቹ ያዩትን ሠርተው 5 ብለው አከበቡ፤ አንቺ ኤክስ አደረግሽባቸው። ማርክ ሊስቱ ሳይዘጋ የሌሎቹን ሴክሽኖች ወረቀትም እዪና 5ንም −5ንም ተቀበዪ። የዚያች ልጅ መልስም 5 ሊሆን ይችላል። ከሆነ 14 የተባለው 15 ነው።

ይህን ቆጠራ ለሁሉም ጥያቄ ሥሪው። ከላይኞቹ ጥያቄውን ካገኙት ልጆች ቁጥር ላይ ከታችኞቹ ያገኙትን ቀንሺ፣ ልዩነቱን ለ16 አካፍዪ። 0.30ና ከዚያ በላይ ከመጣ ጥያቄው ልጆቹን ይለያል። ከ0.20 ካነሰ አንድ ጊዜ መልሰሽ አንብቢው። የታችኞቹ በልጠው ኔጌቲቭ ከመጣ ሌላውን ሥራ ትተሽ እሱን እዪ፤ 17ኛው −0.19 ነው። ቁጥሩን እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ግን አትያዢው። 16 ልጅ ጥቂት ነው፤ ሁለት ልጅ ቢቀየር ቁጥሩ ይናወጣል። 5ኛውን ጥያቄ ደግሞ 58 ልጅ አግኝቶታል። ሁሉም ያገኘው ጥያቄ ማንንም አይለይም፤ ያም ሆኖ እንዳትጥዪው። ያስተማርሽውን ክፍሉ በሙሉ መያዙን ማወቅም ያስፈልግሻል።

ወደ አልፋው እንምጣ። ባልደረባሽ አልዋሸም፤ አጋኗል። ክሮንባክ በ1951 እ.ኤ.አ. የጻፈበት አልፋም ሆነ፣ ኩደርና ሪቻርድሰን በ1937 እ.ኤ.አ. ለአንድና ለዜሮ ማርክ (ላገኘ 1፣ ለሳተ 0) ያወጡት ኬአር 20 የሚባለው ቀመር፣ የሚነግሩን ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ ነው። 0.70 ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ደግሞ 30ውንም የስብስብ ጥያቄ ብታደርጊው አልፋው ከፍ ሊልልሽ ይችላል፤ ጥያቄዎቹ ይመሳሰላሉና። ሴሚስተሩን ግን አልመዘንሽም። አስተማማኝ ሆኖ ተገቢ ያልሆነ ፈተና ማለት ይኸው ነው።

ቀለል ያለ መንገድ አለ። ኤክሴል ላይ የእያንዳንዱን ልጅ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ... ጥያቄ ውጤት በአንድ ኮለም፣ የ2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛን... በሌላ ኮለም ደምሪና የሁለቱን ኮሪሌሽን (ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚያሳየውን ቁጥር) አስወጪ። ያንቺ 0.60 መጣልኝ። ይህ የግማሹ፣ የ15 ጥያቄ ነው። ወደ 30 ለማምጣት እጥፉን፣ ራሱ ላይ 1 ተጨምሮ ለሚመጣው ማካፈል ነው፦ 1.20 ለ1.60፣ 0.75። ስፒርማንና ብራውን በ1910 እ.ኤ.አ. በየፊናቸው ያወጡት ቀመር ነው። 0.75 ለክፍል ፈተና ምንም አይልም። ባልደረባሽን ቡና ጋብዢውና ንገሪው።

ቁጥሩ የሚጠቅምሽ ግን ለሌላ ነገር ነው። የሴክሽኑ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ውጤቶቹ ከአማካዩ በተለምዶ የሚራራቁበት መጠን) 5 ነው። ከ1 ላይ 0.75 ሲቀነስ 0.25፤ ስኩዌር ሩቱ 0.5፤ በ5 ሲባዛ 2.5። የአንድ ልጅ ማርክ በግምቱ፣ በድካሙ፣ በዕለቱ ዕድል ምክንያት ወደ ላይም ወደ ታችም 2.5 ያህል ይዋልላል ማለት ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ስለዚህ ፈተናው 14 ያመጣችውን 24 ካመጣው ልጅ ይለያታል። አጠገቧ ተቀምጦ 16 ካመጣው ልጅ ግን ይህ ፈተና ሊለያት አይችልም። አንዱን አሳልፎ ሌላውን መጣል ከፈተናው አቅም በላይ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ያከበበ ልጅ እንኳ በአማካይ 9 ያመጣል፦ ከ24 ቾይስ 6፣ ከ6 እውነት ሐሰት 3። (እውነት ሐሰት ለሒሳብ ከነጭራሹ አልወድም። ሳንቲም ወርውሮ ግማሹን ማግኘት ይቻላል።)

ለዚህ ነው መስመሩ ላይ ያሉትን ልጆች በአንድ ፈተና መወሰን የማይገባው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘና ያለውም ያለ ነገር አይደለም። በተግባር ግን "ተከታታይ ፈተና" ሆኗል፤ በየሳምንቱ ኩዊዝ፣ ከዚያ መደመር። ግሩፕ ወርኩ ደግሞ አንዷ ትሠራለች፣ አምስቱ ስማቸውን ይጽፋሉ። ከዚያ ማርክ ስለ ልጁ ምንም አታውቂም። መስመሩ ላይ ያሉትን ሁለት ሁለት እየጠራሽ አንድ ኢኩዌሽን ፊትሽ ቢፈቱልሽ ከሦስት ኩዊዝ የበለጠ ታያለሽ።

አሁን ስለ ፍትሐዊነት። 28ኛው ጥያቄ ላይ በእንግሊዝኛ "አት ሊስት 40 ኪሎ" የሚል አለ። ካገኙት ያልሞከሩት ይበልጣሉ። ከሞከሩት ደግሞ ብዙዎቹ ምልክቱን ገልብጠውታል። "ሊስት" የሚለውን "ትንሽ" ብለው አይተው "ከ40 ያነሰ" አሉ። እነዚህ ልጆች እስከ 8ኛ ድረስ አንዱ በአፋን ኦሮሞ፣ ሌላው በአማርኛ ተምሮ መጥቶ 9ኛ ላይ ነው እንግሊዝኛው የተጫነበት። ከሳቱት ስድስት ሰባት ልጅ በእረፍት ሰዓት ጥሪና በሚቀላቸው ቋንቋ "ቢያንስ 40 ኪሎ" በያቸው። ምልክቱን በትክክል ካስቀመጡ የሳቱት ሒሳቡን አይደለም።

እንግሊዝኛውን አውጪው እያልኩሽ አይደለም፤ 12ኛ ላይም ይጠብቃቸዋል። ግን "አት ሊስት"፣ "አት ሞስት"፣ "ኖት ሞር ዛን" የሚባሉትን መጀመሪያ አስተምሪያቸው። ካርቶን ላይ ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊው። አንድ ልጅ አንድን አባባል ለመጀመሪያ ጊዜ ፈተና ላይ ካገኘው፣ ጥፋቱን በእሱ ላይ አልጭንም።

ሌላው የቡናው ነገር ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለቀማ ነው። ከዙሪያው ወረዳዎች፣ ከማና፣ ከጎማ፣ ከሰቃ መጥተው ዘመድ ቤት ተጠግተው የሚማሩ ልጆች ቤተሰብ ሊያግዙ ሲሄዱ ሳምንትም፣ ከዚያም በላይ ይጠፋሉ። አቴንዳንሱን ከውጤቱ ጎን አስቀምጪና እነዚያን ሳምንታት የቀሩት የትኞቹን ጥያቄዎች እንደሳቱ እዪ። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በይ። ማርኩ ውሸት አይደለም፤ ልጁ በእርግጥ አያውቀውም። "ክለሳ ያስፈልገዋል" ብትዪ ትክክል ነሽ። "ሰነፍ ነው" ካልሽ ግን በዚያው ማርክ በደልሽው። ከለቀማ ሲመለሱ የሁለት ቅዳሜ ክለሳ፣ ከዚያ ያንኑ ምዕራፍ እንደገና መፈተን ይቻላል።

የጠዋትና የከሰዓቱን ነገር ብዙ አላወራበትም። አንድ ዓይነት ፈተና ጠዋት ከተሰጠ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ጥያቄው ባጃጅ ተሳፍሮ አጂፕ ሰፈር ደርሶ ተመልሷል። የከሰዓቶቹን አማካይ ከቀድሞ ቴስታቸው ጋር አስተያዪው፤ ድንገት ከዘለለ ታውቂዋለሽ። ለሚቀጥለው በአንድ ሠንጠረዥ ሁለት ፈተና አውጪ፤ ሐሳቡ አንድ ይሁን፣ ቁጥሮቹ ይለያዩ። ዴስኩ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ከተቀመጡ ደግሞ የጥያቄውን ቅደም ተከተል ማዘበራረቅ ኩረጃውን ትንሽ ያደክመዋል።

ለአባትየው ወረቀቱን አሳዪያቸው። አትፍሪ። 17ኛውን እንዳስተካከልሽ ንገሪያቸው። ልጅቷን ጠርተሽ ሦስት ኢኩዌሽን ያለ ምርጫ እንድትሠራ አድርጊ፤ ከሠራችው አባትየው እውነት አላቸው፣ ፈተናሽ አላያትም።

ለዳይሬክተሩ ደግሞ እንዲህ በያቸው፦ 5 ማርክ ለሁሉም ቢጨመር የስብስቡ ጥያቄ አይቀንስም፣ ማይነሷም አትመለስም፤ 12 ያመጣው 17 ተብሎ ኢኩዌሽን ሳያውቅ ወደ ሁለተኛው ሴሚስተር ይገባል። በ5 ማርኩ ፈንታ ለኮፒ ማሽኑ ቀለም ያስገዙልሽ። ወረቀቱም ለ240 ልጅ ከመባዛቱ በፊት አንዱን ቅጂ አንቺ ራስሽ እስክሪብቶ ይዘሽ ተፈተኚበት።